ልጆችን የጉልበት ዓይነቶችን ማስተማር፦ ከጀሪካኑ እስከ ምጣዱ

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ «የጉልበት ዓይነቶችን ዘርዝር» ሲባል ሙቀት፣ ብርሃን፣ ድምፅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኬሚካላዊ፣ መካኒካዊ እያለ ሳይደናቀፍ ሊዘረዝር ይችላል። ያንኑ ልጅ «እናትህ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱን ያጋለው ሙቀት ከየት መጣ?» ብለው ቢጠይቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ከሶኬቱ» ብሎ ያቆማል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ ሳስተምር ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስገልብጬ፣ በፈተና ደግሞ ያንኑ ዝርዝር መልሼ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩትና ዛሬ ለወላጆችም ለመምህራንም የምመክረው አካሄድ፣ ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ከማስጠናት ይልቅ ልጁ አንዱን ጉልበት ይዞ መልኩን እየለወጠ ሲሄድ እንዲከታተለው ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ «ከየት መጣ?» እና «ወዴት ሄደ?»። ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ያለ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች በቤት ውስጥ በሚያየው ነገር ሁሉ ላይ መጠየቅ ከለመደ፣ የዓይነቶቹን ስም በመንገዱ ላይ ያገኛቸዋል፤ ያገኘውንም ስም አይረሳውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የቃላቱ ነገር

በአማርኛ ስናስተምር የሚገጥመን የመጀመሪያው እንቅፋት ከሳይንሱ ሳይሆን ከንግግራችን የሚመጣ ነው። በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ሲሆን፣ ኃይል ማለት ደግሞ መግፋት ወይም መሳብ ነው። በዕለት ንግግር ግን «የውሃ ኃይል»፣ «የነፋስ ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል» ስንል የምናወራው ስለ ጉልበት ነው። ልጁ ሁለቱንም አነጋገር ስለሚሰማ፣ ቢደናገር አይፈረድበትም። እኔ ሁለቱን የምለየው በግድግዳ ነው፤ ልጁ ግድግዳውን በሁለት እጁ እንዲገፋ አደርግና፣ «አሁን ግድግዳው ላይ ኃይል አሳርፈሃል፤ ግድግዳው ግን አልተንቀሳቀሰም» እለዋለሁ። ቀጥሎ ወንበር ገፍቶ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲወስድ አደርገዋለሁ፤ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ የልጁ ጉልበት ወደ ወንበሩና ወደ ወለሉ ተላልፏል። ይህን በአካሉ ያየ ልጅ፣ ኃይል የሚያርፍ፣ ጉልበት ደግሞ የሚተላለፍ ነገር መሆኑን ይይዛል።

ከዚህ የባሰው ግን «መብራት» የሚለው ቃል ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ»፣ ሲመለስ «መብራት መጣ» ስለምንል፣ ብዙ ልጆች በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ይመስላቸዋል። መብራት በጠፋበት ምሽት ልጁን አስቀምጠው «አሁን የጠፋው አምፖሉ ብቻ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ምጣዱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ማቀዝቀዣውም መቆማቸውን ራሱ ይቆጥርልዎታል። በሽቦው ይመጣ የነበረው አንድ ነገር ሆኖ አምፖሉ ወደ ብርሃን፣ ምጣዱ ወደ ሙቀት፣ የሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ወደ ድምፅ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ወደ እንቅስቃሴ ይለውጠው እንደነበር ለማስረዳት ከዚህ ምሽት የተሻለ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

ጉልበት የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ ረዳታችን ነው። ልጁ ጉልበት ማለት የእግሩ መታጠፊያ እንደሆነ፣ «ጉልበቴ ደከመ» ማለትም መራመድና መሥራት አልቻልኩም ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ «ያ የደከመህ ነገር ከየት መጥቶ ነበር?» ወደሚለው መሄድ ይቻላል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ልጁ በትምህርት ቤት «ኢነርጂ» የሚለውን ቃል ተምሮ እንደሚመጣ አስበው፣ ያው ነገር በአማርኛ ጉልበት እንደሚባል ከመጀመሪያው ቢነግሩት፣ በሁለቱም ቋንቋ ሊያስብበት ይችላል።

ማንሳትና መጣል

ትምህርቱን በከፍታ መጀመር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም እሳትም ኤሌክትሪክም አያስፈልገውም። በአንድ ሰፊ ትሪ ወይም በሳጥን ክዳን ላይ ደረቅ አሸዋ አስተካክለው ያንጥፉ። ልጁ አንድ ድንጋይ መጀመሪያ ከጉልበቱ ከፍታ፣ ቀጥሎ ከደረቱ፣ በመጨረሻም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሸዋው ላይ ይልቀቀው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ የተፈጠረውን ጉድጓድ በጣቱ ይለካ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ሆኖ ሳለ ጉድጓዱ ለምን እንደሰፋ ይጠይቁት። ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ጉልበት በውስጡ እንደሚከማች ልጁ ራሱ ሲናገር፣ ያን ጊዜ «ይህ እምቅ ጉልበት ይባላል፤ ሲወድቅ ደግሞ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሆናል» ብለው ስሙን ይስጡት። ስሙ ከነገሩ በኋላ ይምጣ፤ ይህን ቅደም ተከተል በሁሉም ትምህርት እጠብቃለሁ።

«ድንጋዩ ላይ ያለው ጉልበት ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ መልሱ «ካነሳው እጅ» ነውና። እጁስ? ከቁርሱ። ለትልልቆቹ ልጆች ቁጥር መጨመር ይቻላል። የጉልበት መለኪያ ጁል ይባላል። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 10 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት አንስቶ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ 200 ጁል ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህም ወደ 420,000 ጁል ነው። ልጁ አካፍሎ ጀሪካኑን 2,100 ጊዜ ማንሳት እንደሚቻል ሲደርስበት መደነቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰውነታችን ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ እንደሚወጣ፣ ስንሠራ የሚያልበንም ለዚህ እንደሆነ ይንገሩት። ልቡ፣ ሳንባውና አንጎሉም ተኝቶ ሳለ እንኳ ከዚያው ምግብ እንደሚወስዱ ይጨምሩለት።

ላስቲክ፣ ሞላና ወንጭፍ የእምቅ ጉልበት ሌሎች ምሳሌዎች ናቸው። ላስቲኩን የወጠረው እጅ ጉልበት አስቀምጦበታል፤ ሲለቀቅ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ሙቀት፣ የሁሉም መድረሻ

ከሙቀት ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይገባል፤ የምንከታተለው ጉልበት ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ነውና። እጅ ለእጅ ማፋተግ የታወቀ ነው፤ ልጁ ለሃያ ሰከንድ በፍጥነት ያፋትግና መዳፉን ጉንጩ ላይ ያድርገው። ከዚያ ቀጥሎ ቀጭን የብረት ሽቦ ወስደው በአንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ ያጣጥፉት፤ የታጠፈበት ቦታ ሊያቃጥል እስኪችል ድረስ ስለሚግል፣ መጀመሪያ እርስዎ ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ልጁ በጥንቃቄ ይንካው። እሳት አልነበረም፤ ፀሐይም አልነካውም፤ ሙቀቱ ከየት መጣ? ከክንድዎ እንቅስቃሴ። ሚስማር ደጋግሞ የመታ አናጢ የሚስማሩ ራስ መጋሉን ያውቃል፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ይህን ነገር በልኬት ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ ጄምስ ጁል የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ የጉልበት መለኪያም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የቢራ ጠማቂ ልጅ የነበረው ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያደረገው ሙከራ ለልጅ ሲነገር እንደ ተረት የሚደመጥ ነው። ክብደት ያለው ነገር በገመድ አንጠልጥሎ እንዲወርድ አደረገ፤ ገመዱ በውሃ ዕቃ ውስጥ የተቀመጡ መቅዘፊያዎችን አሽከረከረ፤ መቅዘፊያዎቹ ውሃውን ሲያማስሉት ውሃው በጥቂቱ ሞቀ። ጁል የወረደው ክብደት ያጣውን ጉልበትና ውሃው ያገኘውን ሙቀት ሲያነጻጽር እኩል ሆነው አገኛቸው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል የሚለው ሕግ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ልኬቶች የቆመ መሆኑን ልጁ ቢያውቅ፣ ሕጉን ሰው በትዕግሥት የደረሰበት እውነት አድርጎ ይቀበለዋል።

በሙቀትና በመጠነ ሙቀት፣ ማለትም አንድ ነገር ምን ያህል እንደጋለ በሚያሳየው ልኬት፣ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት አንድ ሲኒ ትኩስ ቡናና አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። ሲኒው ይፋጃል፤ ይሁን እንጂ በባልዲው ውስጥ ያለው የሙቀት ጉልበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የውሃው መጠን ብዙ ነውና። «ብዙ በረዶ ማቅለጥ የሚችለው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ይፈታል።

ድምፅና ብርሃን

ድምፅን ለማሳየት አንድ ጎድጓዳ ሳህን አፉን በስስ ላስቲክ ከረጢት ወጥረው ይሸፍኑና በክር ይሰሩት፤ በላዩ ላይ ጥቂት የጤፍ ፍሬ ይበትኑበት። ከዚያ ሳህኑን ሳይነኩ በአጠገቡ የብረት ትሪ በማንኪያ ይምቱ። ጤፉ ይዘላል። በማንኪያው የነበረው እንቅስቃሴ ትሪውን አንቀጥቅጦ፣ ትሪው አየሩን፣ አየሩ ላስቲኩን፣ ላስቲኩ ጤፉን እንዳንቀሳቀሰ ልጁ በዓይኑ ያያል። ከበሮ ያለበት ቤት ከሆነ ጤፉን በአንደኛው ፊቱ ላይ አድርጎ ሌላኛውን ፊት መምታት ይቻላል፤ ክራር ያለው ደግሞ ጅማቱን ነክቶ ጣቱን በቀስታ ሲያስጠጋ መንቀጥቀጡ ይሰማዋል። በክረምት መብረቅ ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንድ መቁጠርም ጥሩ ልማድ ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ብርሃን ግን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በቅጽበት ይደርሳል። ቆጠራው ግን ከቤት ውስጥ ሆኖ ይደረግ።

ለብርሃን ሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች ይውሰዱ፤ አንዱን በጥላሸት አጥቁረው፣ ሌላውን በነጭ ወረቀት ሸፍነው፣ እኩል ውሃ ሞልተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ጣቱን ነክሮ ይለያቸዋል፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ለውጦታል፤ ነጩ አብዛኛውን መልሶታል። ፀሐይን በቀጥታ እንዳያይ፣ በማጉያ መነጽርም ብቻውን እንዳይጫወት አጥብቀው ያስጠንቅቁት።

በነገሮች ውስጥ የታሸገው ጉልበት

ኬሚካላዊ ጉልበት ለልጅ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ አይሞቅም፣ አያበራም፣ አይንቀሳቀስምና። ከሰል ጆንያ ውስጥ ሆኖ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙዝም እንደዚያው፤ የባትሪ ድንጋይም እንደዚያው። እነዚህን ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «እነዚህን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳይነግሩ ጥቂት ቀን ይተዉት። ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ሙዙ ሲበላ፣ ድንጋዩ ባትሪ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ጉልበት ቀድሞውኑ በውስጣቸው ታሽጎ እንደነበር ቀስ በቀስ ይገባዋል። ከሰል በሚያነዱበት ጊዜ በር ወይም መስኮት ክፍት ይሁን፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ መሆኑን ልጁም ሊያውቀው ይገባል።

የሎሚ ባትሪ መሥራት ልጆች ለዓመታት የሚያስታውሱት ነገር ነው። አራት ሎሚዎች፣ አራት የቆርቆሮ ሚስማሮች፣ አራት ቁራጭ የመዳብ ሽቦዎች፣ እንዲሁም ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ያስፈልጋሉ። የቆርቆሮ ሚስማር የተመረጠው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ሎሚ ላይ አንድ ሚስማርና አንድ ሽቦ ሳይነካኩ ይሰኩ፤ የአንዱን ሎሚ መዳብ ከሚቀጥለው ሚስማር ጋር እያገናኙ በተርታ ያያይዟቸው። አንዱ ሎሚ አንድ ቮልት የማይሞላ ስለሚሰጥ ብቻውን አምፖሉን አያበራም፤ አራቱ ተባብረው ያበሩታል። የአምፖሉ ረጅም እግር በመጨረሻው መዳብ በኩል፣ አጭሩ በመጀመሪያው ሚስማር በኩል ይግባ። ብርሃኑ ደብዛዛ ስለሚሆን ክፍሉን ማጨለም ያሻል። ካልበራ ደግሞ እግሮቹ ተገላብጠው ወይም አንዱ ማያያዣ ላልቶ ይሆናልና ልጁ ራሱ እየፈተሸ ያግኘው፤ ይህ ፍተሻ ከብርሃኑ ያላነሰ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ግን በትክክል ይነገር። ብዙዎች ጉልበቱ የመጣው ከሎሚው ነው ይላሉ፤ አይደለም። ጉልበቱ የሚመጣው ሚስማሩን የለበጠው ዚንክ ቀስ በቀስ ሲሟሟ ነው፤ ሎሚው መንገድ ነው። ዚንኩ ስለሟሟባቸውም ሎሚዎቹ ከሙከራው በኋላ አይበሉም፤ ይጣሉ። የግድግዳው ሶኬት ደግሞ ለማንኛውም ሙከራ አይነካም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዝናብ እስከ ምጣድ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ምጣዱን ያጋለው ከየት መጣ? ከሶኬቱ። ወደ ሶኬቱስ? በሽቦ። ወደ ሽቦውስ? በኢትዮጵያ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ነውና፣ ከግድብ። በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለዚህ የሚሆን ትልቅ ሥዕል ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ልጆች ስለ ግድቡ ብዙ ሰምተዋል፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦቻቸው ቦንድ የገዙ ናቸው። ነገር ግን «ውሃ እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?» ሲባሉ ውሃው ራሱ በሽቦ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ውሃው ኤሌክትሪክ አይሆንም፤ ወርዶ፣ ተርባይኑን፣ ማለትም ውሃ ሲመታው የሚዞረውን መዘውር፣ አሽከርክሮ፣ ውሃ እንደሆነ ወደ ታች ይሄዳል። የሚተወው ከፍታውን ነው። አሸዋው ላይ ድንጋይ የጣለ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ግድቡ ከፍ ብሎ የተያዘ ድንጋይ ነው፤ ተርባይኑም አሸዋው።

የውሃ ወፍጮ በሚያውቁ አካባቢዎች ያሉ ልጆች ደግሞ ይበልጥ ዕድለኞች ናቸው፤ ከፍ ካለ ቦታ በቦይ የሚወርደው ውሃ ድንጋዩን ሲያዞር አይተዋልና፣ ለእነሱ ግድብ ማለት ውሃው በወፍጮ ድንጋይ ምትክ ጄኔሬተር፣ ማለትም ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ፣ የሚያዞርበት ወፍጮ ነው ማለት ይበቃል። ለከተማ ልጅ ግን ክር ካለቀበት የክር መጠቅለያ ላይ የፕላስቲክ ቁርጥራጮችን እንደ መቅዘፊያ ሰክቶ፣ በመካከሉ እርሳስ አሳልፎ፣ ከቧንቧ ሥር መያዝ ነው። ከመጠቅለያው ጋር ክር ታስሮ በክሩ ጫፍ ትንሽ ብሎን ቢንጠለጠል፣ ውሃው እየወረደ ብሎኑ ሲወጣ ያያል። ውሃውን ከዝቅተኛ ከፍታና ከትልቅ ከፍታ እየለቀቀ ያነጻጽር።

ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ስሌቱን አብሮ መሥራት ይቻላል፤ እኔ ከማስተምራቸው ሁሉ የምወደው ስሌት ይህ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከዚያ ለማድረስ ወደ 300,000 ጁል ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ አንድ ሜትር ሲወርድ 10,000 ጁል ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ለቡና አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት፣ በመንገድ ላይ ምንም ባይባክን እንኳ፣ 1,000 ሊትር ውሃ 30 ሜትር መውረድ አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ አንድ ኪሎዋት ማለት በሰከንድ 1,000 ጁል ነው። 3.5 ኪሎዋት የሆነው ለአንድ ሰዓት ሲጋገርበት 12.6 ሚሊዮን ጁል ይፈጃል፤ ይህም 12,600 ሊትር ውሃ፣ ወይም 630 ጀሪካን፣ 100 ሜትር ወርዶ የሚሰጠው ነው። ይህን ቁጥር ያገኙ ልጆች ከዚያ ወዲያ ምጣዱ ጋግሮ ካበቃ በኋላ ሲንቀለቀል ቢያዩ ዝም አይሉም፤ ማንም «ቆጥቡ» ብሎ ሳይመክራቸው።

ጥያቄው ግን ገና አላለቀም። ውሃውን ከፍ ወዳለው ቦታ ማን አወጣው? ጣና የሚሰበሰበው፣ በጎጃም ተራሮች የሚወርደው ዝናብ ከደመና ነው፤ ደመናው ከባሕርና ከየብስ የተነነ ውሃ ነው፤ ያተነነውም የፀሐይ ሙቀት ነው። የጀሪካኑን ውሃ እጅ እንዳነሳው፣ የግድቡን ውሃ ፀሐይ አንሥታዋለች። በፀሐይ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ሲዋሐድ የሚለቀቀው የኑክሌር ጉልበት አለ፤ ከዚያ የወጣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ዕድሜ ስለ ኑክሌር ጉልበት ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ምንጭ ሌላ፣ ዓይነት ሌላ

እዚህ ላይ በብዙ ክፍሎች የሚደባለቅ አንድ ነገር ማጥራት ይገባል። ውሃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይና ከሰል የጉልበት ምንጮች ናቸው፤ ሙቀት፣ ብርሃን፣ እንቅስቃሴና ኤሌክትሪክ የጉልበት ዓይነቶች ናቸው። «የነፋስ ጉልበት» ስንል ዓይነቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ምንጩ ነፋስ። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች ከመንገድ ያየ ልጅ፣ «ነፋሱን ያንቀሳቀሰውስ ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ምድርን እኩል ያላሞቀች ፀሐይ እንደሆነች ይነገረው፤ የሞቀ አየር ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ቦታውን ለመያዝ ይሮጣል። ጤፉም ያደገው በብርሃን ነው፤ ከሰሉ የሆነው ዛፍም እንደዚሁ።

ልጁ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሁሉም ከፀሐይ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ለጥቂት ጊዜ ይደሰትበት። ከዚያ ግን ስለ ላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ይንገሩት። በአሉቶ ላንጋኖ ከመሬት ጥልቅ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ጣቢያ ተተክሏል፤ ያ ሙቀት ከፀሐይ አይደለም። ምድር ስትፈጠር በውስጧ የቀረው ሙቀትና በድንጋዮቿ ውስጥ ያሉ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚለቁት ሙቀት ነው። አጥብቆ የተያዘን መደምደሚያ የሚያናጋ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ማምጣት የሳይንስ ትምህርት ዋና ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ «ሁሉም» ከማለቱ በፊት ያስባል።

«ወዴት ሄደ?»

ብዙ መምህራን ከየት እንደመጣ ከጠየቁ በኋላ ያቆማሉ፤ ከባዱ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ኳስ ከአንድ ሜትር ላይ ይልቀቁ፤ ሲነጥር ወደነበረበት አይመለስም፤ በየጊዜው እያነሰ ይቆማል። ጉልበት የማይጠፋ ከሆነ ወዴት ሄደ? ልጁ ጆሮውን ወደ ወለሉ ቢያስጠጋ ድምፁን ይሰማል፤ ጥቂቱ ድምፅ ሆኗል። የቀረው ኳሱንና ወለሉን በጣም በጥቂቱ አሙቋቸዋል፤ በእጅ አይታወቅም፣ ሽቦውን ያጣጠፈ ልጅ ግን ያምናል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከአሥር አንድ እጅ ያነሰውን ብቻ ወደ ብርሃን ሲለውጥ የቀረውን ሙቀት ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው እጅ የሚያቃጥለው። ኤልኢዲ ለተመሳሳይ ብርሃን እጅግ ያነሰ ይወስዳል። ስልክ ቻርጅ ሲደረግ መሞቁም ከዚሁ ነው።

ልጁ መማሩን ለማወቅ ዝርዝር አይጠይቁት። አንድ ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በቤት ውስጥ ከሚያየው አንዱን ነገር መርጦ ወደ ኋላም ወደ ፊትም በቀስት ይሳል፤ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ጉልበቱ የያዘውን መልክ ይጻፍ። የሚሮጥ ልጅ፣ የሚፈላ ጀበና፣ የሚጮህ ሬዲዮ፣ ሁሉም ይሆናሉ። ቀስቱ የተሰበረበት ቦታ፣ ማለትም ልጁ «ከዚህ በፊት አላውቅም» ያለበት ቦታ፣ የሚቀጥለው ትምህርት መጀመሪያ ነው። የማያውቁት ከሆነም አብረው ይፈልጉት።

በአንድ ክፍል ውስጥ ቀስቶቹ ሁሉ ሙቀት ላይ ሲያበቁ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሙቀቱስ ሌሊት የት ያድራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ደጅ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን የድንጋይ አጥር ይንኩ፤ ገና ሞቃት ነው። ከእራት በኋላ ይንኩት፤ ቀዝቅዟል። ሙቀቱ በዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ወደ አየሩና ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። ሰማዩ ደመናማ ሲሆን ደመናው ጥቂቱን ይመልሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ሲደምቁ ግን የሚመልሰው ደመና ስለማይኖር፣ በደጋው ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ምጣዱን ያጋለው፣ ኳሱን ያነጠረው፣ ጤፉን ያዘለለው ጉልበት ሁሉ እንዲሁ ቀስ በቀስ ከምድር ወጥቶ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ልጅቷ በማግስቱ ካርቶኗ ላይ ከመጨረሻው «ሙቀት» ቀጥላ አንድ ረጅም ቀስት ወደ ላይ ስላ፣ ጫፉ ከካርቶኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ደርሶ ነበር።